ቢጫውን ፖስታ አትጣሉት

ይህን የምጽፈው አውሮፓ ውስጥ ባሉ የሐበሻ ኅብረቶች ስደተኞችን ለሚረዱ ወይም ለመርዳት ለሚያስቡ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይገባችኋል።

ፍራንክፈርት አቅራቢያ የምትሰበሰብ ትንሽ ወንጌላዊት ኅብረት አባል ነኝ። የራሳችን ሕንጻ የለንም። እሁድ ጠዋት ጀርመኖቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ እንገባለን። አዳራሹን በነጻ ነው የሰጡን። የሚጠይቁን ወጥ ቤቱን አጽድተን እንድንወጣ ብቻ ነው። የቁሌቱ ሽታ ግን እስከ ማክሰኞ አይለቅም ይላሉ።

በ2015 ጀርመን ውስጥ 890 ሺህ ያህል ሰው ጥገኝነት ፍለጋ ገባ። ከአዳራሻችን ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ ያለ ጂምናዚየም በአንድ ሳምንት ውስጥ ካምፕ ሆነ። ከሶሪያና ከአፍጋኒስታን ሰዎች መሃል የኛም ልጆች ነበሩ። ስልሳ የነበርነው ሰዎች በወር ውስጥ መቶ ሃያ ሆንን። ወንበር ጠፋ። ደስ አለን። "መከሩ በራችን ላይ መጣ" ተባለ። ሰዎቹን ሳናውቃቸው ቆጠርናቸው ማለት ነው። ሌሎቹ ስህተቶቻችን ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ልብስ ሰበሰብን። ክምር ልብስ። ያገለገለ የሱፍ ኮት፣ የሠርግ ጫማ፣ አንድ ሰው ደግሞ የስኪ ሱሪ አመጣ። ልጆቹ ግን የሚፈልጉት የስልክ ካርድና የባቡር ቲኬት ነበር። ለመጠየቅ አላሰብንም።

ቀጥሎ ያደረግነው አሁንም ያመኛል። አንድ ወንድም ሊቢያ ውስጥ ባኒ ዋሊድ ታግቶ ነበር። ሰባት ወር። ማስለቀቂያውን የከፈለው ጂዳ የሚሠራ ወንድሙ ነው። እናታቸው ልጃቸው ትሪፖሊ ሥራ እንደያዘ ነበር የተነገራቸው። እኛ ይህን ሳናውቅ እሁድ ዕለት መድረክ ላይ አውጥተን "መስክር" አልነው። ይሉኝታ ይዞት መሰከረ። ሕዝቡ አለቀሰ። አንዱ በስልኩ ቀረጸና ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ሐሙስ እናቱ ከአርሲ ደወሉ። ልጁን ያገኘሁት ካምፑ ኮሪደር ላይ መሬት ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ነው። "እማዬ፣ የድሮ ነው። የድሮ ነው እኮ" ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ከዚያ ወዲያ ኅብረታችን ተመልሶ አልመጣም። አልፈረድኩበትም።

እባካችሁ፣ ሰው የደረሰበትን መከራ መድረክ ላይ አታውጡ። ራሱ ካልጠየቀ ተዉት። ራሱ ቢጠይቅ እንኳ ካሜራው ይቅር። የእናቱ ነገር ብቻ አይደለም። ኬዙ፣ ማለትም የጥገኝነት ጉዳዩ፣ ገና ያልታየ ሰው በቪዲዮ የተናገረው ነገር ኢንተርቪው ላይ ከሚናገረው በአንድ ቀን ቢለይ፣ ጣጣው ለእሱ ነው የሚተርፈው።

በ2016 መከር ላይ አንዲት እህት አገልግሎት ሊጀመር ሲል ቢጫ ፖስታ ይዛ መጣች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ከመንግሥት ነው የመጣ፣ ፈራሁ" አለችን። ፖስታውን ተቀብለን መድረኩ ላይ አስቀመጥነው፣ ዙሪያውን ቆመን እጃችንን ጫንንበት፣ ጸለይን። ረጅም ጸሎት ነበር። አንዱ ወንድም "አትሄጂም፣ በሩ ተከፍቷል" ብሎ ተናገራት። ፖስታውን መልሰን ሰጠናት። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማናችንም አላነበብነውም። ከመሃላችን ጀርመንኛ አጥርተን የምናነብ ቢያንስ ስምንት ሰዎች ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ።

ደብዳቤው የደብሊን ውሳኔ ነበር። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በደብሊን ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ጥገኝነትህን የሚያየው መጀመሪያ የገባህበትና አሻራ የሰጠህበት አገር ነው። ጣሊያን አሻራ ከሰጠህ ጀርመን "ወደ ጣሊያን ተመለስ" ትልሃለች። ይህን ውሳኔ ለመቃወም ያለህ ጊዜ አንድ ሳምንት ነው። አንድ ሳምንት ብቻ። ክሱም፣ ማስወጣቱ እንዲታገድ የሚጠይቀው አስቸኳይ ማመልከቻም በዚያች ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት መግባት አለባቸው። እኛ ስንጸልይ ፖስታው ከደረሳት አራተኛው ቀን ነበር። ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር ማለት ነው። ከወራት በኋላ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳት። ከሚላኖ ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። "ምን ይላል ኖሯል ደብዳቤው?" ብላ ነው የጠየቀችኝ።

እኔን የቀየረኝ ያ ስልክ ነው። ጸሎት አቁሙ አልልም፣ እኛም አላቆምንም። ግን መጀመሪያ አንብቡ።

ቢጫው ፖስታ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን በእጁ ፖስታው ላይ ይጽፋል። ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፣ ደብዳቤው ላይ ከታተመው ቀን አይደለም። ልጆቹ ግን ወረቀቱን አውጥተው ፖስታውን ይጥሉታል። ጠበቃ ጋ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ "ፖስታውስ?" ነው። ወረቀቱንም ፖስታውንም በስልክ አንሱ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ በስቴፕለር ምቱ።

በየካቲት 2017 ይህንኑ ያላወቀ ሌላ ልጅ መጣ። የጅማ ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ደብዳቤውን ሦስት ሳምንት ትራሱ ሥር ይዞት ነበር። ፖስታውን ጥሎታል። አብሮት የሚኖር የኛ ልጅ ነው ጎትቶ ያመጣው። በዚህ ጊዜ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ጣሊያን። ቀነ ገደቡ አልፏል። ሮጬ ወደ ጀርመኖቹ ቄስ ሄድኩ። ሴት ናቸው፣ ስድሳን ያለፉ፣ በብስክሌት የሚሄዱ። ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና አንድ ቃል ተናገሩ፦ ኪርሽንአዙል። የቤተ ክርስቲያን ከለላ ማለት ነው።

ስለዚህ ነገር ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ሰው መደበቅ አይደለም። ልጁ የገባ ዕለት ቤተ ክርስቲያኒቱ ስሙንና አድራሻውን ለመንግሥት ታሳውቃለች። ከዚያ ለምን የተለየ ችግር እንዳለበት የሚያስረዳ ጽሑፍ ይዘጋጃል። ሊቢያ ውስጥ የደረሰበት፣ ሮም ጣቢያ አጠገብ ካርቶን ላይ ያሳለፈው ክረምት፣ የሐኪም ወረቀት፣ ሁሉም ይገባበታል። ጽሑፉን የላይኛው ቤተ ክርስቲያን የመደበው ሰው ነው ለስደተኞች መሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው። በ2015 አብያተ ክርስቲያናቱና መሥሪያ ቤቱ የተስማሙበት አካሄድ ነው። ሕግ የሰጠው መብት ግን አይደለም። መንግሥት በልማድ የሚታገሠው ነገር ነው። በቅርብ ዓመታት ፖሊስ ገብቶ ሰው ያወጣባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ለማንም "እዚህ ከገባህ ማንም አይነካህም" ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ፓስተሯ ነገሩን። በ1983 ጀማል ከማል አልቱን የሚባል የ23 ዓመት ቱርካዊ፣ ወደ አገሩ ተላልፎ ሊሰጥ ነው በሚል ፍርሃት በርሊን ፍርድ ቤት ውስጥ ከስድስተኛ ፎቅ መስኮት ዘለለ። ሞተ። በዚያው መከር ክሮይትስበርግ ያለችው የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ለሦስት የፍልስጤም ቤተሰቦች በሯን ከፈተች። የዛሬው ኪርሽንአዙል የተጀመረው ከዚያ ነው።

አሁን ከኛ ወገን ያለው ችግር መጣ። ልጁ ሙስሊም ነው።

የሽማግሌዎች ስብሰባ ተጠራ። ጀርመኖቹ ክፍሉን ይሰጣሉ፣ ምግቡንና ጠባቂውን እኛ ልንችል ነው። አንዱ ወንድም "ከሚሲዮን መባው የምናወጣ ከሆነ ወንጌል መስማት አለበት" አለ። ሌላው "የኛዋን እህት አላስጣልናትም፣ አሁን ለእሱ?" አለ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አፌን ሞልቼ አልናገርም፣ እኔም ውስጤ ትንሽ አንገራግሮ ነበር። ያኔ ጋሼ ተናገሩ። ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ የወለጋ ሰው። ልጅ ሆነው አይራ ሆስፒታል፣ የጀርመን ሄርማንስበርግ ሚሲዮን ባቋቋመው ቦታ፣ ወባ ይዟቸው ተኝተዋል። "አጠገቤ የተኛው ነጋዴ ሙስሊም ነበር" አሉ። "ለሁለታችንም ያው ኪኒን ነው የሰጡን። ለእሱ ግማሽ አላደረጉበትም።" ከዚያ ቆባቸውን አድርገው ተቀመጡ። ክርክሩ አለቀ ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ወሰንን፣ በጽሑፍም አደረግነው። ልጁን ወደ አምልኮ ማንም አይጋብዘው። መምጣት ከፈለገ በሩ ክፍት ነው። ይህን ሌሎችም በጽሑፍ እንዲያደርጉት እመክራለሁ፤ አፍ ለአፍ ከሆነ አንድ ቀናተኛ ሰው አንድ ማታ ያፈርሰዋል። መሄጃ የሌለው ሰው "እሺ" ቢላችሁ የልቡን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ከመጋቢት እስከ ነሐሴ አምስት ወር ተቀመጠ። ከደብሊን ሕግ የምንጠብቀው ስድስቱ ወር እስኪያልፍ ነው። ጣሊያን ልቀበለው ብላ ከተስማማችበት ቀን፣ ወይም ዝም ብላ እንደተስማማች ከተቆጠረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልተላከ፣ ጉዳዩ የጀርመን ይሆናል። ከግቢው መውጣት አይችልም። ከመንግሥት የሚያገኘው ድጎማ የለም፣ የሕክምና መድንም የለውም። ጥርሱን ሲያመው በነጻ የሚያይ ሐኪም በስልክ ስንለምን ዋልን።

ማንም ያልነገረን ነገር መሰላቸቱ ነው። ምግቡ አያሳስባችሁ፣ ሐበሻ ምግብ አያጣም። ሁለት ወር ላይ ልጁ ማውራት አቆመ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል። ፓስተሯ የአትክልቱን ቦታ ቁልፍ ሰጡት። ቃሪያ ዘራ። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ጡረተኛ ጀርመን እየመጣ ጀርመንኛ አስተማረው። እኛ መብል ስናመላልስ ያላሰብነውን ሁለት ሰዎች በቁልፍና በደብተር ሠሩት።

ረመዳን በግንቦት መጨረሻ ገባ። እዚህ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንዴት ልንሆን ነው ብለን ስንጨነቅ፣ ሁለት እናቶች ተራ አወጡ። በየማታው አንዷ ሾርባና ሳምቡሳ ይዛ ትመጣለች። "ትምሩ ስንት ነው የሚበላው፣ ሦስት ነው አይደል?" ብላ አንዷ ስልክ ደወለችልኝ። እኔ ምን አውቄ። እሱን ጠየቅነው፣ ሳቀ። ከወራት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ነሐሴ ላይ ጊዜው አለፈ፣ ጉዳዩ ጀርመን ውስጥ ተከፈተ። የኢንተርቪው ቀን ደረሰው። አሁን ዓመቶቹን ለምን በፈረንጅ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ።

ልጁ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። ማመልከቻው ላይ ግን "አማርኛ" ተብሎ ተጽፏል። "ቋንቋ ቢሉኝ አማርኛም እችላለሁ አልኩ፣ ላስቸግራቸው አልፈለግኩም" አለኝ። ይሉኝታ። ለመቀየር ጊዜ ስላልነበረን ገባ። ከሳምንታት በኋላ የቃሉ ግልባጭ በፖስታ ሲመጣ አብረን ቁጭ ብለን አነበብነው። "በ2008 ታሰርኩ" ይላል። ልጁ የታሰረው ኅዳር 2008 በኛ አቆጣጠር ነው፣ ተቃውሞው የጀመረ ሰሞን። በነሱ 2015 ማለት ነው። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጦታል። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ልጁ በ13 ዓመቱ ነው የታሰረው። ቀጥሎ "ማታ 9 ሰዓት ላይ ወታደሮች መጡ" ይላል። እሱ ያለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በነሱ ንጋት 3 ሰዓት። ጎረቤት ሁሉ ተኝቶ እንደነበር ሌላ ቦታ ተናግሯል። የሚያነበው ባለሥልጣን ምን ይላል? "ማታ 9 ሰዓት ላይ ሰፈሩ በሙሉ ተኝቶ?"

በጠበቃ በኩል የእርማት ደብዳቤ ጻፍን፤ ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አስቀምጠን። በ2018 መጀመሪያ የሦስት ዓመት መኖሪያ ፈቃድ አገኘ።

ስለዚህ ኢንተርቪው የሚጠብቀው ሰው ካላችሁ፣ አንድ ማታ ቡና አፍሉና የሕይወቱን ቀኖች በወረቀት ላይ አውጡ። በኛ፣ በነሱ። ሰዓቱንም እንዲሁ። ቋንቋውን አፉን የፈታበትን ይበል። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ተተርጉሞ ይነበብለታል፤ ደክሞት "እሺ እሺ" እያለ እንዳይፈርም፣ ያልተባለ ነገር ካለ ያስቁም። ታሪክ ግን አትጨምሩለት። "ኬዝ" የሚሸጡ ሰዎች በየከተማው አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ፤ አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የሚቆሙት። ገንዘቡም ኬዙም አብሮ ሲጠፋ አይቻለሁ። የሕግ ምክር በነጻ የሚሰጡት የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅቶች፣ ዲያኮኒና ካሪታስ፣ እያሉ ለእነሱ አትክፈሉ።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር። እኛ ለዓመታት አንድ የሚሲዮን መባ ብቻ ነበር የምንሰበስበው። ደቡብ ኦሞ ያለ ወንጌላዊ ከዚያ ደመወዝ ይላክለታል፣ የስደተኛው ቲኬትም ከዚያው ይወጣ ነበር። ልጁ ግቢ ውስጥ በነበረባቸው ወራት ገንዘቡ ሳሳ፣ የወንጌላዊው የሁለት ወር ደመወዝ ዘገየ። የሰውዬው ሚስት ወልዳ ነበር። ሳይነግሩን ተበድረው ኖሩ። አሁን ሁለት ሣጥን አለን፣ ሁለት ሒሳብ፣ ሁለት ፈራሚ። ሰጪው ለየትኛው እንደሚሰጥ ያውቃል። ለግለሰብ በእጅ ገንዘብ መስጠትም አቁመናል። ቲኬቱን እንገዛለን፣ ጠበቃውን እንከፍላለን። በእጅ የሰጠነው ገንዘብ ብድር ነው ስጦታ በሚለው ብዙ ወዳጅነት ተበላሽቶብናል።

ከአገር ቤት እየደወሉ "ቤተ ክርስቲያን በአውሮፕላን ታስገባለች ይባላል" የሚሉም አሉ። እውነት የሆነው ይሄ ነው። ጣሊያን ውስጥ የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበርና የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ከመንግሥት ጋር በጥር 2017 ተስማምተው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጠለሉ ስደተኞች 500 ሰዎችን በቪዛ ለማምጣት ተነሡ። የመጀመሪያዎቹ በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ሮም ደረሱ። የታሰበው ለኤርትራ፣ ለሶማሌና ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች እንጂ ለኢትዮጵያ ዜጎች አልነበረም። ስደተኛውም አይከፍልበትም። "ቦታ አለኝ፣ ቅድሚያ ክፈሉ" የሚል ሰው ሌባ ነው። ስልኩን ዝጉት።

ሕጉም እየተቀየረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው አዲሱ የስደት ስምምነት ሥራ ላይ የሚውለው ከሰኔ 2026 ጀምሮ ነው፤ ደብሊንንም የሚተካው እሱ ነው። ስለዚህ እኔ የጻፍኳቸውን ቀነ ገደቦች በጭፍን አትያዙ። ፖስታው የደረሰ ዕለት አማካሪ ጠይቁ።

የጅማው ልጅ አሁን አውቶቡስ ይነዳል። አልተለወጠም፣ ሙስሊም ነው። በዒድ ማግስት ትልቅ ሳህን ሐልዋ ይዞ ይመጣል፣ ወጥ ቤቱን አጽድቶ ይሄዳል። "አንድ ነፍስ እንኳ አላተረፍንም" ብሎ የሚያሾፍ ወንድም አለን። ሐልዋው ላይ ግን ቀዳሚው እሱ ነው።

ከአገልግሎት በኋላ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ እንዘረጋለን። ፔርሙስ ቡና፣ ስቴፕለር፣ ሁለት ጀርመንኛ አንባቢ። "ፖስታ ያለው" ይባላል፣ ሰው ይሰለፋል። ባለፈው እሁድ ጠረጴዛውን ልናጥፍ ስንል አንድ አዲስ ልጅ ከካምፑ እያለከለከ መጣ። ሦስት ደብዳቤ ተከታትሎ ደርሶት፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ነበር ያደረው። ከፈትኩት። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ክፍያ ነው። ለጥገኝነት ፈላጊ ነጻ የሚያደርግ ፎርም አለው፣ እዚያው ሞላንለት።

"እኔ እኮ ቴሌቪዥን የለኝም" አለኝ።